ይውረዱ፣ ደርሰናል

በሥራዬ ቃል እንጂ ሰው ፈልጌ አላውቅም ነበር። የጅማንና የአካባቢዋን የእጅ ሥራ ቃላት በመዝገበ ቃላት ለማሰባሰብ ከጀመርሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ እያንዳንዱን ቃል በአንድ ካርድ ላይ አሰፍራለሁ። በካርዱ ላይ አራት መስመር አለ፦ ቃሉ፣ ፍቺው፣ ምንጩ፣ የነገረኝ ሰው። አራተኛውን መስመር የምሞላው ለወጉ ያህል ነበር። የምነግራችሁ ነገር የደረሰው ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ካርድ የምሞላው ከታች ወደ ላይ ነው።

አስቀድሜ ስለ ቤታችን ሁለት ነገር ልናገር።

አባቴ ጌታነህ አናጢ ነበር። በልጅነቱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቀምሶ ዳዊት ደግሟል፤ በኋላ ትምህርቱን ትቶ መጋዝ ያዘ፤ የሚይዘውም በግራ እጁ ነበር። እኔ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ፣ ሰው ስሙ እየተጠራ ከቤቱ በሚወሰድበት በዚያ ዘመን፣ አንድ ማለዳ የመሣሪያ ሣጥኑን አንጠልጥሎ ወጣ፤ አልተመለሰም። እናቴ አላለቀሰችለትም። ተዝካር አላወጣችም፤ ጥቁር አልለበሰችም፤ ለገዛ እኅቷ ሞት እንኳ ጥቁር ልበሺ ሲሏት «በመጀመሪያ የእሱን ልወቅ» አለች። ሬሳውን ላላየችው ሰው ማልቀስ በቁሙ መግደል መሰላት። ባለፈው ዓመት ሐኪሙ ልቧ እንደደከመ ከነገረን በኋላ አንድ ቀን እጄን ይዛ፣ «ሰኒ፣ እሱ የት እንዳለ ሳላውቅ እኔም የት እንደምሄድ አላውቅም» አለችኝ።

ሁለተኛው ነገር አንዲት የእንጨት ጎማ ናት። አባቴ ለእኔ ከሠራው መጫወቻ የተረፈችው እሷ ብቻ ስትሆን፣ እናቴ የጨው ማሰሮ ትከድንባት ነበር። ከመሐሏ ወደ ዙሪያዋ የሚወጡት ዘንጎች ሰባት ናቸው። አናጢ ሁሉ ስድስት ወይም ስምንት ያደርጋል፤ ክቡን ለሁለት ለሁለት መክፈል ስለሚቀል። አባቴ ግን ሁልጊዜ በዓይኑ ገምቶ ሰባት ያደርግ ነበርና እናቴ «ስምንት መቁጠር ያቃተው አናጢ» እያለች ትስቅበት እንደነበር ብዙ ጊዜ ነግራኛለች። ይህን የማነሣው በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

ከድር የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ አሁን ከጅማ አቅራቢያ ባለችው ሰቃ ያስተምራል። በዚያ ኅዳር ደውሎ፣ በእነሱ ቀበሌ ያለ አንድ ቤተሰብ የቡና መጫኛ ጋሪውን «ሠረገላ» እንደሚለው ነገረኝ። ቤተሰቡ ሙስሊም ነው፤ በቤታቸው የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው፤ ሌላ አማርኛ ብዙም አያውቁም።

ነገሩ ለምን እንዳስደነቀኝ ላስረዳ። ጋሪ ሁሉም የሚያውቀው ቃል ነው፤ በኦሮምኛውም ያው ነው፤ ከባሕር ማዶ ከነጋዴ ጋር እንደመጣ ይነገራል። ሽማግሌዎች ከጣሊያን የቀረውን ካሬታንም ያውቃሉ። ሠረገላ ግን ከግእዝ የወረስነው የመጽሐፍ ቃል ነው፤ ነቢይ በእሳት ሠረገላ ያርጋል፣ ንጉሥ በሠረገላ ይቀመጣል። በጭቃ ውስጥ ጀንፈል፣ ገና ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና፣ የሚያመላልስ ባለ ሁለት ጎማ እንጨት ሠረገላ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ሳልሄድ በፊት ካርዱን አውጥቼ በምንጩ መስመር ላይ «ከሰሜን በመጡ ሲራራ ነጋዴዎች በኩል የገባ ሳይሆን አይቀርም» ብዬ በእርሳስ ጻፍሁ። በእርሳስ መጻፌ ልማድ ነው እንጂ ጥርጣሬ አልነበረኝም።

ቅዳሜ ማለዳ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሰቃ ወረድሁ። ከድር ከመናኸሪያው ተቀበለኝና ሁለታችንም በእግር ወደ ቡናው ጫካ ገባን። ጉሙ ገና አልተገፈፈም ነበር። ከትልልቆቹ ዛፎች ላይ ጤዛው እየተንጠባጠበ ዝናብ የሚዘንብ ያስመስላል፤ ለቃሚዎች እርስ በርስ ሲጠራሩ ድምፃቸው ይሰማል፣ አንዳቸውም ግን አይታዩም። ከድር ስለ ትምህርት ቤቱ ሲያወራኝ ቆይቶ ወደ ግቢው ስንቃረብ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ እዚያ ቤት አንድ ልማድ እንዳለ፣ ባየው እንዳልስቅ አሳሰበኝ። በማንም ልማድ ስቄ አላውቅም፤ እሱም ያውቃል።

የቤቱ አባወራ አባ ኦሊ ይባላሉ፤ ዕድሜያቸው ሰባ አልፏል፤ ረጅም፣ ጎንበስ ያሉ፣ ዓይናቸው ቶሎ የማይነቀል ሰው ናቸው። እንግዳ ስለሆንሁ በአማርኛ ተቀበሉኝ። አማርኛቸው ጥቂት ነበር፤ ነገር ግን አነጋገሩ ገረመኝ። የገበያ አማርኛ አይደለም። «እንደምን አደሩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይበሉ እንጂ» አሉኝ፤ እኔ የማውቃቸው የደብር ሽማግሌዎች የሚሉትን ዓይነት። ከዚያ ወዲያው «አልሐምዱሊላህ» ብለው ጨመሩ።

ጋሪው ከመጋዘኑ ደጃፍ ቆሞ ነበር። ፈረሱ ተጠምዷል፤ ጀንፈል የተሞሉት ጆንያዎች መሬት ላይ ተደርድረዋል። ሁለት ጎልማሳ ልጆቻቸው ለመጫን ተዘጋጅተው ቆመዋል፤ ነገር ግን ማንም ጆንያ አላነሣም። መቅረጫዬን ከፍቼ በመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጥሁ።

አባ ኦሊ ወደ ጋሪው ኋላ ሄዱ። ልጆቹ ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው መንገድ ለቀቁ፤ ከድርም እጄን ይዞ ሳበኝ፤ ቆሜበት የነበረው ቦታ መውረጃው ነበረ። ሽማግሌው አዛውንት ከበቅሎ እንደሚያወርድ ሰው ቀኝ ክንዳቸውን ዘረጉ። ከዚያም ለባዶው ጣውላ በቀስታ፣ በጠራ አማርኛ፣

«ይውረዱ፣ ደርሰናል» አሉ።

ጠበቁ። ለቃሚዎቹ እንኳ በዚያች ቅጽበት ዝም ያሉ መሰለኝ። ጣውላው ሲጢጥ አለ። አባ ኦሊ ክንዳቸውን ሰበሰቡ፣ «ሀዬ» አሉ፣ እሺ ማለታቸው ነው፤ ልጆቹ መጫን ጀመሩ።

እርጥብ እንጨት ሲሞቅ ይጮኻል፤ ይህን አውቃለሁ። ጉሙም በዚያን ሰዓት መገፈፍ ጀምሮ ነበር። በማስታወሻዬ ላይ እንደዚያው ጻፍሁ። ሆኖም ከወረቀቱ ቀና ስል ዓይኔ ተመልሶ እዚያው ባዶው ቦታ ላይ ያርፍ ነበር።

የማላውቀውን ነገር ሳልፈትን አልተውም። ጋሪው ደርሶ ተመልሶ ለሁለተኛው ጭነት ሲቆም፣ ቃሉን ሳይናገሩ ቢጭኑ ምን እንደሚሆን አባ ኦሊን ጠየቅኋቸው። ልጆቹ ተያዩ። ከድር ነገሩን ለማለዘብ «ዶክተር፣ ይሄ ፈረስ አማርኛ ብቻ ነው የሚሰማው» አለ። ታላቁ ልጅም ሳቀ። አባ ኦሊ አልሳቁም፤ ሲያስቡ ቆይተው ለልጆቻቸው በኦሮምኛ «እንግዳ ነች፣ ትየው» አሉ።

ጫኑ። ልጓሙን ሳቡ። ፈረሱ አልሄደም። በልጓምም በአለንጋም ሞከሩ፤ አራቱ እግሮቹ እየተንቀጠቀጡ ጆሮዎቹን ወደ ኋላ፣ ወደ ጣውላው አዙሮ ቆመ። ጆንያዎቹን ሁሉ አወረዱ። አባ ኦሊ ክንዳቸውን ዘረጉ፣ ያንኑ ተናገሩ፣ ጠበቁ። እንደገና ጫኑ። ፈረሱ ሄደ።

ይህም ምክንያት አለው፤ እንስሳ የለመደውን ይጠብቃል። ይህንንም ጻፍሁ።

ቀትር ላይ ልጆቹ ጭነቱን ይዘው ሲሄዱ ከአባ ኦሊ ጋር በመጋዘኑ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ከድር ኦሮምኛቸውን ሊተረጉምልኝ አጠገባችን ነበር፤ እኔም ብሰማ አንዳንዱ ያመልጠኛል። ለምን ጋሪ እንደማይሉት ጠየቅኋቸው።

«ጋሪ የሰው ነው» አሉ። «ሠረገላ የቤታችን ነው።»

«ቃሉን ከየት አገኙት?»

«ከባለቤቱ።»

ከዚያ የነገሩኝን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ። አባ ኦሊ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ሳሉ አንድ የከተማ ሰው በዝናብ ወደ አባታቸው ግቢ መጣ። ሰዎች እየፈለጉት ነበር። ስሜን አትጠይቁኝ፣ ባታውቁት ለእናንተም ለቤቴም ይሻላል አለ። አባታቸው አልጠየቁትም። ስምንት ወር ደበቁት፤ ነጭ ኮፍያ አድርገውለት ከሰው ጋር ጁምዓ አስወጡት። በዚያ ጊዜ በዚያ ጫካ ቡና የሚጓዘው በበቅሎና በሴቶች ጀርባ ነበር። ሰውዬው የሴቶቹን ሸክም አይቶ ግራር ቆርጦ ይህን ነገር ሠራ። ምን እንደሚባል ሲጠይቁት ጋሪ አላለም፤ እየሳቀ ሠረገላ አለ። በጅማ ሰው በፈረሱ ስም እንደሚጠራ እነሱም በሠራው ነገር ጠሩት፤ አባ ሠረገላ አሉት። ሕፃናቱን ጭኖ ግቢውን ይዞራቸውና «ውረዱ፣ ደርሰናል» ይላቸው ነበር። አባ ኦሊ አማርኛ የለመዱት ከእሱ ነው።

በስምንተኛው ወር ወባ ያዘው። አባ ኦሊ በገዛ ሠረገላው አስተኝተውት ወደ ሰቃ ጤና ጣቢያ ነዱ። እስከ ድልድዩ ድረስ ያናግራቸው ነበር። ጤና ጣቢያው በር ላይ ፈረሱን አቁመው ወደ ኋላ ዞሩና ክንዳቸውን ዘርግተው ይውረዱ፣ ደርሰናል አሉት።

«አልወረደም» አሉኝ አባ ኦሊ።

ከዚያ በቀጣዩ ዓመት ቡና ሲደርስ ሠረገላውን ቢጭኑት ፈረሱ አልንቀሳቀስ እንዳለ፣ ሦስት ፈረስ ቢቀይሩም እንዳልሆነ፣ አባታቸውም «ያልወረደ ሰው አለ፣ ንገረው» እንዳሏቸው ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ሳይናገሩ ጭነው አያውቁም።

አንድ ነገር ግን ያስጨንቃቸው ነበር፤ ሲናገሩት ድምፃቸው ተለወጠ። «ክርስቲያን እንደነበረ እናውቃለን፤ በትኩሳቱ የገዛ ጸሎቱን ነበር የሚለው። ቤተ ክርስቲያን ብንወስደው ስም ይጠይቁናል። ስም ደግሞ አትጠይቁኝ ብሎናል። አባቴ አጠበው፣ ከፈነው፣ በእኛ መቃብር፣ በእኛ ሶላት ቀበርነው። በማያውቀው ቤት ስላስተኛነው ይሆን ወይ የማይወርደው? ወላሂ፣ ይሄን ሳላውቅ መሞት እፈራለሁ።»

እኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ቃል ሰብሳቢ ነበርሁ። በልቤ የመጣውን ነገር ለማባረር ሞክሬአለሁ፤ በዚያ ዘመን የጠፋ አናጢ አንድ ብቻ አልነበረም፣ ዳዊት የደገመም አንድ ብቻ አልነበረም። ተነሥቼ ጋሪው ወደቆመበት ሄድሁ፤ ከሰቃ ተመልሶ ነበር። ጎማዎቹ በቅርቡ የተገጠሙ የመኪና ጎማዎች ናቸው። የድሮዎቹን እንዲያሳዩኝ ጠየቅሁ። አባ ኦሊ ከመጋዘኑ ጥግ ጆንያ ገልጠው አሳዩኝ። አንዱ ተሰብሯል። ሁለተኛው ሙሉ ነው።

ቆጠርሁ። እንደገና ከሌላ ዘንግ ጀምሬ ቆጠርሁ።

«ሰባት ነው» አሉ አባ ኦሊ ከኋላዬ። «እኛም ስቀንበታል። ስምንት አይሻልም ወይ ስንለው፣ በሰባቱ የምትስቅብኝ አንዲት አለችኝ፣ እሷ እንድትስቅ ነው አለን። ስለ ቤቱ የተናገረው ያችን ብቻ ነው።»

አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር። መጋዙን በየትኛው እጁ እንደሚይዝ ጠየቅሁ።

«በግራው» አሉ።

ያን ጊዜ የሆንሁትን በትክክል ልግለጸው ብል አልችልም። አላለቀስሁም። መነጽሬን አውልቄ በቀሚሴ ጫፍ ስጠርግ እንደነበር ከድር በኋላ ነግሮኛል። ከዚያ ለአባ ኦሊ የአባቴን ስም ነገርኋቸው፤ ጌታነህ፣ አልሁ። ሽማግሌው ስሙን በከንፈራቸው ብቻ ደገሙት፤ ሊጥሉት እንደሚፈሩት ዕቃ ይዘው ቆዩ። ከዚያ እጃቸውን በራሴ ላይ አድርገው፣ እስከዚያ እርስዎ ሲሉኝ የነበሩት ሰው፣ «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

መቃብሩን አሳዩኝ። ከቡናው መሐል ነው፤ ስም የለበትም፤ በራስጌው ላይ አንድ የግራር ጉቶ አለ። ከጉቶው ሥር ቅጠል ያቆጠቆጠች ቡና በቅላለች።

ወደ ጅማ ስመለስ በሚኒባሱ ውስጥ መቅረጫውን ከፍቼ በጆሮዬ አዳመጥሁ። የአባ ኦሊ ድምፅ፣ ዝምታ፣ የጣውላው ሲጢጥታ። ደግሜ ስሰማው ከሲጢጥታው በኋላ መሬት የሚረግጥ የሚመስል አንድ ድምፅ አለ። ፈረሱ እግሩን ቀይሮ ይሆናል። ለሦስተኛ ጊዜ አልሰማሁትም። ዛሬም ድረስ መቅረጫው ውስጥ አለ፤ አልደመሰስሁትም፣ አልሰማሁትምም።

የፈራሁት እናቴን ነበር። ሰቶ ሰመሮ ሰፈር፣ ቤታችን ስደርስ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ መስኮቱን ታይ ነበር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኋት፤ በእስላም መቃብር፣ ያለ ስሙ እንደተቀበረም አልደበቅሁም። ዕድሜዋን ሙሉ ቅዳሴ ያላጎደለች ሴት ናት፤ ምን ትል ይሆን እያልሁ ጠበቅሁ።

ዓይኗን ከመስኮቱ መልሳ አየችኝ። ከዚያ፣

«ማን አጠበው?» አለች።

«የአባ ኦሊ አባት፣ በገዛ እጃቸው።»

«ከፈኑስ ከየት መጣ?»

«የአባ ኦሊ እናት ለራሳቸው ያስቀመጡት ነበር አሉ።»

ራሷን ነቀነቀች። «እኔ ሚስቱ ያላጠብሁትን እነሱ አጠቡት። በምን አፌ ነው በሰው ቤት ተኛ የምለው?» አለች። ወደ ጨው ማሰሮው ሄዳ ክዳኑን አነሣች፤ ዘንጎቹን በጣቷ እየነካች ቆጠረችና ከአርባ ዓመት በላይ ያልሰማሁትን ሳቅ፣ አጭር ሳቅ ሳቀች። «እስከ መጨረሻው አላረመውም» አለች። «ውሰጂኝ።»

ሐኪሙ እንዳትንገላታ አዞ ነበር። ቢሆንም በማግስቱ መኪና ተከራይቼ ወሰድኋት። እስከ ግቢው መኪና አይገባምና አባ ኦሊ ከመንገዱ በሠረገላው ሊቀበሏት መጡ። እናቴ በምርኩዟ ቆማ ከዳር እስከ ዳር አየችው። አልሳፈርም አለች፤ ሰው እያለበት አልሳፈርም። አባ ኦሊ ይህን ሲሰሙ ወደ እኔ ዞሩ፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር።

እናቴ ወደ ጋሪው ኋላ ሄደች። ክንዷን አልዘረጋችም። መዳፏን በጣውላው ላይ አሳረፈች፤ የተኛ ሰው ለመቀስቀስ ትከሻውን እንደሚነኩት።

«ጌታነህ፣ እኔ ነኝ» አለች። «ውረድ በቃ። ደርሰሃል።»

ምንም ድምፅ አልሰማንም። ጣውላው አልጮኸም። ነፋስ ቢኖር እንኳ አላስተዋልሁትም። ከዚያ እናቴ ምርኩዟን ለእኔ አቀብላ በባዶው ጣውላ ላይ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መልበስ ጀመረች፤ ልቅሶዋም መጣ። መቃብሩ ድረስ አለቀሰች፤ የአባ ኦሊ ባለቤትም ከጎኗ በኦሮምኛ ታስለቅሳት ነበር። አንዳቸው የሌላውን ቋንቋ አያውቁም፤ ልቅሶው ግን አልተቋረጠም። አጽሙን ላንሣው ወይ ብዬ ስጠይቃት፣ «ሁለት ጊዜ መንገደኛ አናድርገው» አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ሰቶ ሰመሮ ላይ ድንኳን ጣልን። አባ ኦሊ ከነልጆቻቸው መጥተው ከዘመድ ረድፍ ተቀመጡ። ተዝካሩም በጊዜው ወጣ።

እናቴ ከዚያ ስድስት ወር ኖረች። የሞተችው በጥቁር ልብሷ፣ የት እንደምትሄድ እያወቀች ነው።

ይህን የሚያነቡ ሰዎች ስለ ፈረሱ ምን እንደማስብ ይጠይቁኝ ይሆናል። የጻፍሁትን ማብራሪያ አልሰረዝሁትም፤ እንስሳ ልማዱን ይጠብቃል፣ እርጥብ እንጨት ይጮኻል። የተለወጠው ሌላ ነው። የአንድ ቃል ምንጭ ሕዝብና ዘመን ይመስለኝ ነበር፤ ሲራራ ነጋዴ፣ ወራሪ፣ መጽሐፍ። አሁን ማንኛውንም ቃል ስሰማ በመጀመሪያ የሚታየኝ አንድ ሰው ነው፤ ዝናብ ያበሰበሰው፣ ከማያውቀው በር ላይ የቆመ። እናንተም ቤት ሌላ ሰው የማይለው አንድ ቃል ካለ ማን እንዳመጣው አሁኑኑ ጠይቁ፤ የሚያውቀው ሽማግሌ ገና አጠገባችሁ ሳለ። በእኔ ካርድ ላይ የእርሳሱን ጽሑፍ አጥፍቼ በምንጩ መስመር የአባቴን ስም በቀለም ጽፌአለሁ። የመዝገበ ቃላቱ አራሚዎች ይህ ስሕተት ነው ብለው መልሰውልኝ ነበር፤ እንዳለ እንዲቀር አደረግሁ።

ዘንድሮ ቡና ሲደርስ አባ ኦሊ በከድር ስልክ ደወሉልኝ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ለቀማው ጠየቁኝ፤ ነገሩን ለመጀመር እንደተቸገሩ ገባኝ። በመጨረሻ፣

«ዛሬ ልጆቹ እኔ ሳልናገር የመጀመሪያውን ጫኑ» አሉ። «ልናገር ወደ ኋላ ሄድሁ፤ ክንዴን ዘረጋሁ። አፌን ሳልከፍት ፈረሱ ሄደ።»